የዳይሬክተሪ ፈንክሽኖችን ከፓይተን በቀጥታ መጥራት፦ ክራሽ ሳያደርግ የሚሠራበት ቅደም ተከተል

በሲ የተጻፉትን ፎልደር የሚከፍቱና የሚያነቡ ፈንክሽኖች ከፓይተን በቀጥታ ለመጥራት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ሴግመንቴሽን ፎልት»፤ ፕሮግራሙ የማይፈቀድለትን ሜሞሪ ነክቷል ማለት ነው። ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንደሆነ ፓይተን አይናገርም። ፕሮግራሙ ድንገት ይሞታል፣ አለቀ። አንዳንዴ ደግሞ የባሰ ይመጣል። ኮዱ ያለ ምንም ኤረር ይሠራል፤ ግን የጠየቃችሁትን ትቶ የሌላ ፎልደር ዝርዝር ያወጣል። ወይም የፋይሎቹ ስም ሁሉ ባዶ ሆኖ ይመጣል።

የሁሉም ምክንያት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ፓይተን በሲ የተጻፈውን ፈንክሽን አያውቀውም። ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ የሚመልሰው ነገር ስንት ባይት እንደሆነ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ካልነገራችሁት ይገምታል። ግምቱ ደግሞ ለ64 ቢት ማሽን አይሆንም። ስለዚህ ሦስተኛውንና አራተኛውን ደረጃ እባካችሁ በጥድፊያ አትለፏቸው።

የምንጠቀመው ፓይተን 3ን፣ አብሮት የሚመጣውን፣ የሲ ፈንክሽኖችን የሚጠራውን ሲታይፕስ የተባለ ሞጁል እና 64 ቢት ሊኑክስን ነው። ማክና ዊንዶውስ መጨረሻ አካባቢ አሉ። ስሞቹን እዚህ በእኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ፤ ኮድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ፎልደሩን የሚከፍተው ኦፕንዲር፣ ውስጡ ያሉትን ግቤቶች (ፋይሎችና ንዑስ ፎልደሮች) አንድ በአንድ የሚያነበው ሪድዲር እና የሚዘጋው ክሎዝዲር። በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ይጻፋሉ። «ዲር» የሚለው «ዳይሬክተሪ» በላቲን ሲጻፍ ያሉት የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ነው። ሪድዲር ላይ ሁለት «ድ» በተከታታይ እንዳለ ልብ በሉ። በስም መሃል የታች ሰረዝ ስታዩ ኮዱም ላይ አለ ማለት ነው።

ቅድሚያ፦ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል?

የፎልደር ዝርዝር ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ኦኤስ ሞጁል ውስጥ ያለውን ስካንዲር ተጠቀሙ። ከፓይተን 3.5 ጀምሮ አለ። ሊኑክስ ላይ ከስር የሚጠራው እነዚህኑ ፈንክሽኖች ነው። በሲ ስለተጻፈ በሲታይፕስ በእጃችሁ ከምትሠሩት ይፈጥናል። «በቀጥታ ብጠራው ፍጥነት አገኛለሁ» ብላችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ አታገኙም።

ቀጥታ መጥራት የሚጠቅመው ፓይተን ያላቀረበው ነገር ሲያስፈልግ ነው። ለምሳሌ ንባቡን መሃል ላይ አቁሞ ወደዚያው ቦታ መመለስ። ወይም ሌላ የሲ ላይብረሪ የዳይሬክተሪ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ሲሰጣችሁ። ወይም አሠራሩን ከሥሩ ማወቅ ስትፈልጉ፤ ይህም በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

1. ፓይተናችሁ ስንት ቢት እንደሆነ አረጋግጡ። ስትራክት የሚባለውን ሞጁል አስገቡና ካልክሳይዝ ለሚለው ፈንክሽን ትልቁን «ፒ» ፊደል ስጡት። መልሱ 8 ከሆነ 64 ቢት ነው። 4 ከመጣ የዚህ መመሪያ የባይት ቁጥሮች ለእናንተ አይሠሩም።

2. የማንዋሉን ገጽ ክፈቱ። ተርሚናል ላይ «ማን 3 ሪድዲር» በሉ። ቁጥር 3ን አትርሱ። ቁጥር 2 ላይ በዚሁ ስም ሌላ ነገር አለ፤ እሱ የድሮ የከርነል ጥሪ ነው፣ የሚቀበለውም የተለየ ነው። የሁለተኛውን ገጽ አንብቦ የሦስተኛውን ፈንክሽን የሚጠራ ሰው አንድም ነገር አይገጥምለትም።

3. የመሞከሪያ ፎልደር ፍጠሩ። ውስጡ አንድ ተራ ፋይል፣ አንድ ንዑስ ፎልደር፣ አንድ ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም)፣ ስሙ በአማርኛ የሆነ አንድ ፋይል እና ስሙ በነጥብ የሚጀምር አንድ ፋይል አስቀምጡ። አምስቱም እያንዳንዳቸው የተለየ ስህተት ያጋልጣሉ። በዋና ፎልደራችሁ ላይ አትሞክሩ።

4. ስክሪፕቱን ስታስነሱ ፓይተንን በ«ኤክስ» አማራጭ «ፎልትሃንድለር» ጨምራችሁ አስነሱት። ይህን ካደረጋችሁ ፕሮግራሙ ሲሞት ቢያንስ የትኛው የፓይተን መስመር ላይ እንደነበረ ይጽፍላችኋል። ያለሱ የምታገኙት ያችን አንድ መስመርና 139 የሚል የመውጫ ኮድ ብቻ ነው። 139 ማለት 128 ሲደመር 11 ነው፤ 11 ደግሞ የሴግመንቴሽን ፎልት ሲግናል ቁጥር ነው።

ደረጃ 2፦ ላይብረሪውን መጫን

1. ከሲታይፕስ ውስጥ ሲዲኤልኤልን ጥሩ። የላይብረሪ ስም በሚጻፍበት ቦታ የፓይተንን «ነን» አስገቡ። ይህም «አሁን በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ አስቀድሞ የተጫነውን ሁሉ አሳየኝ» ማለት ነው። የሲ ላይብረሪው እዚያው አለ።

2. በዚያው ጥሪ ላይ ዩዝ_ኤርኖ የሚለውን አማራጭ «ትሩ» አድርጉት። ኤርኖ ሲ የመጨረሻውን ስህተት ቁጥር የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው።

የላይብረሪውን ፋይል ስም በእጅ መጻፍ ብዙ ቦታ ታዩታላችሁ። ያ ስም የሚሠራው የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪን በሚጠቀሙ ሊኑክሶች ላይ ነው። እንደ አልፓይን ያሉት ማስል የተባለ ሌላ ላይብረሪ ስላላቸው እዚያ ስትሄዱ ይሰበራል። «ነን» ሁለቱም ላይ ይሠራል።

ዩዝ_ኤርኖን ከረሳችሁ ደግሞ ኤረር ሲመጣ ምክንያቱን ማወቅ አትችሉም። ቁጥሩን ስትጠይቁ ከጥሪያችሁ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ዋጋ ነው የሚሰጣችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ። ዜሮ ደግሞ «ምንም ችግር የለም» ይመስላል።

ደረጃ 3፦ ማን ምን እንደሚቀበልና እንደሚመልስ መንገር

ከአሥር ክራሽ ዘጠኙ እዚህ ነው የሚወለደው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሲታይፕስ ካልተነገረው በቀር ማንኛውም ፈንክሽን 32 ቢት ቁጥር ይመልሳል ብሎ ነው የሚያስበው። ኦፕንዲር ግን የሚመልሰው ፖይንተር ነው፤ 64 ቢት የሜሞሪ አድራሻ። የላይኛው ግማሽ ይቆረጣል። የቀረውን ግማሽ ለሪድዲር ስትሰጡት የሌለ ቦታ ሄዶ ሊያነብ ይሞክራል፣ ፕሮግራሙም ይሞታል።

አታላይ የሆነው ሁልጊዜ አለመሞቱ ነው። አንዳንድ ማሽን ላይ አድራሻው ትንሽ ቁጥር ሆኖ በ32 ቢት ውስጥ ይገባል። ያኔ ኮዱ ያለ ችግር ይሠራል። ሌላ ማሽን ላይ ስትወስዱት ይሞታል። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ምስክርነት እዚህ ምንም ዋጋ የለውም።

እንዲህ አድርጉ።

1. ለኦፕንዲር አርግታይፕስ የሚለውን (የሚቀበለውን ዓይነት) በሊስት ውስጥ ሲ_ቻር_ፒ አድርጉ። ረስታይፕ የሚለውን (የሚመልሰውን ዓይነት) ሲ_ቮይድ_ፒ አድርጉ።

2. ለሪድዲር አርግታይፕስ በሊስት ውስጥ ሲ_ቮይድ_ፒ ይሁን። ረስታይፕ በደረጃ 4 የምንሠራው ስትራክቸር (ተከታትለው የተቀመጡ መስኮች ስብስብ) ፖይንተር ነው። ስለዚህ ስትራክቸሩ በኮዱ ውስጥ ከዚህ መስመር በላይ መገኘት አለበት።

3. ለክሎዝዲር አርግታይፕስ በሊስት ውስጥ ሲ_ቮይድ_ፒ፣ ረስታይፕ ደግሞ ሲ_ኢንት ይሁን።

ሁለቱንም ጎን አስታውቁ። ብዙ ሰው ረስታይፕን ያስተካክልና አርግታይፕስን ይተዋል። ኦፕንዲር አድራሻውን ሙሉ ይመልሳል፤ ከዚያ ለሪድዲር ሲተላለፍ እንደገና ወደ 32 ቢት ይጠብባል። ውጤቱ ያው ነው።

እዚሁ ደረጃ ላይ ድምፅ የማያሰሙ ሦስት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው የፊደል ስህተት ነው። አርግታይፕስ መጨረሻው ላይ «ስ» አለው፣ ረስታይፕ የለውም። «ስ»ን ብታቀያይሩ ፓይተን ኤረር አያወጣም። አዲስ አትሪቢዩት ፈጥሮ ዝም ይላል፤ ያስታወቃችሁት ግን አልደረሰም። ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ ፊደላቸውን ተመልከቱ።

ሁለተኛው ፈንክሽኑን የምታገኙበት መንገድ ነው። በነጥብ ስትጠሩት ያው አንድ ነገር ተመልሶ ይመጣል። በማዕዘን ቅንፍ ስትጠሩት ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ይፈጠራል፤ ቀድሞ ያስታወቃችሁት አብሮት አይመጣም። ሁልጊዜ በነጥብ ጥሩ።

ሦስተኛው ላይብረሪውን ሁለት ቦታ መጫን ነው። ሲዲኤልኤልን ሌላ ፋይል ውስጥ እንደገና ብትጠሩት ምንም ያልተነገረው ሌላ ቅጂ ይሰጣችኋል። አንድ ሞጁል ውስጥ ጫኑ፣ እዚያው አስታውቁ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይውሰድ።

ደረጃ 4፦ ስትራክቸሩን መሥራት

ሪድዲር ለእያንዳንዱ ግቤት የሚመልሰው የአንድ ስትራክቸርን አድራሻ ነው። የስትራክቸሩ ቅርጽ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ እንዲህ ነው፦

1. የአይኖድ ቁጥር (ፋይል ሲስተሙ ለፋይሉ የሚሰጠው መለያ)፦ 8 ባይት፣ ምልክት የሌለው፣ ከ0 ይጀምራል
2. የቀጣይ ቦታ ምልክት፦ 8 ባይት፣ ምልክት ያለው፣ ከ8 ይጀምራል
3. የግቤቱ ርዝመት፦ 2 ባይት፣ ከ16 ይጀምራል
4. ዓይነት፦ 1 ባይት፣ ከ18 ይጀምራል
5. ስም፦ 256 ባይት፣ ከ19 ይጀምራል

ከሲታይፕስ ስትራክቸር የሚወርስ ክላስ ጻፉና አምስቱን በዚሁ ቅደም ተከተል አስገቡ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ስንት ቢት እንደሆኑ በስማቸው የሚናገሩትን ዓይነቶች ምረጡ፤ 64፣ 64፣ 16፣ 8። ለስሙ ሲ_ቻር ሲባዛ በ256። የመስኮቹን ስም እንደፈለጋችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። ሲስተሙ የሚያየው ቅደም ተከተልና መጠን ብቻ ነው። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል «ቁጥር»፣ «ቀጣይ»፣ «ርዝመት»፣ «ዓይነት»፣ «ስም» ብትሏቸውም ይሠራል።

ከዚያ ሳትቀጥሉ ፈትሹ። ሳይዝኦፍ ለክላሱ 280 መመለስ አለበት። 19 ሲደመር 256 እኮ 275 ነው ትሉ ይሆናል። ቀሪው 5 ባይት መጠኑ በ8 እንዲካፈል የሚጨመር መሙያ ነው። የስም መስኩ ኦፍሴት (የሚጀምርበት ባይት) 19 መሆን አለበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአሰርት (ካልተሟላ ፕሮግራሙን በሚያስቆም መፈተሻ) ኮዱ ውስጥ ጻፏቸው። ሌላ ማሽን ላይ ሲሄድ ዝም ብሎ ከሚሳሳት፣ ገና ሲጀምር ቢቆም ይሻላል።

«ዓይነት» የሚለውን አንድ ባይት ብትረሱ ምን ይሆናል? ስሙ ከ18 ይጀምራል። በእያንዳንዱ ስም ፊት የማይታይ ባይት ይመጣል። ለተራ ፋይል ያ ባይት 8 ነው፤ 8 ደግሞ የባክስፔስ ቁጥር ነው። ተርሚናል ላይ ስሙ ትክክል ሊመስል ይችላል። ፋይሉን ልትከፍቱ ስትሉ ግን «የለም» ይላችኋል።

ሌላ ጥንቃቄ። 256 ባይት ለስም ተመድቧል ማለት ሪድዲር ሁልጊዜ 280 ባይት ያስቀምጣል ማለት አይደለም። የግቤቱ ትክክለኛ ርዝመት በሦስተኛው መስክ ያለው ነው፤ አጭር ስም አጭር ግቤት አለው። ስለዚህ ከአድራሻው ላይ 280 ባይት በጅምላ አትቅዱ፤ ከተመደበው ሜሞሪ አልፋችሁ ልታነቡ ትችላላችሁ። የስም መስኩን ብቻ ጠይቁ። ሲታይፕስ የመጀመሪያው ዜሮ ባይት ላይ ያቆማል።

ደረጃ 5፦ መክፈት

1. መንገዱን ወደ ባይት ቀይሩ። ኦኤስ ውስጥ ያለውን ኤፍኤስኢንኮድ ተጠቀሙ።

2. መንገዱ ውስጥ ዜሮ ባይት እንደሌለ አረጋግጡ። ሲ እዚያ ላይ ያቆምና የቀረውን ይጥላል። መንገዱ ከተጠቃሚ የሚመጣ ከሆነ ይህ የደህንነት ጉዳይ ነው።

3. ኦፕንዲርን ጥሩ። መልሱን ወዲያው ተመልከቱ።

4. መልሱ «ነን» ከሆነ አልተከፈተም። ሌላ ምንም ሳትጠሩ የኤርኖ ቁጥሩን በጌት_ኤርኖ ውሰዱ። ከዚያ ኦኤስኤረር አንሱ፤ ቁጥሩን፣ ኦኤስ ውስጥ ያለው ስትርኤረር የሚሰጠውን ማብራሪያ እና መንገዱን ስጡት።

ስትሪንግ ወደ ባይት ሳይቀየር፣ አርግታይፕስም ሳይነገር ቢጠራ የሚሆነውን ማወቅ አለባችሁ። ሲታይፕስ ለሲ እያንዳንዱን ፊደል በ4 ባይት አድርጎ ይልከዋል። የመጀመሪያው ፊደል ስላሽ ከሆነ፣ ከስላሹ ቀጥሎ ሦስት ዜሮ ባይት አለ። ሲ ዜሮ ሲያይ ስትሪንጉ አለቀ ይላል። ስለዚህ በስላሽ የሚጀምር የትኛውንም መንገድ ብትሰጡት የሚከፈተው ሩቱ፣ ከሁሉም በላይ ያለው ፎልደር፣ ነው! ኤረር የለም፣ ክራሽ የለም። እኔ ይህን መጀመሪያ ያየሁት የመሞከሪያ ፎልደሬን ጠይቄ የሲስተሙ ዋና ፎልደሮች ዝርዝር ሲወጣልኝ ነው። ደግነቱ ኮዱ ማንበብ እንጂ መሰረዝ አልነበረም ሥራው። አርግታይፕስ ከተነገረ ፓይተን ስትሪንጉን አልቀበልም ብሎ ያቆማችኋል። ለዚህም ነው ደረጃ 3ን የምጨቀጭቃችሁ።

ሊኑክስ ላይ የሚያጋጥሟችሁ ቁጥሮች፦

2፦ መንገዱ የለም። ፕሮግራሙ የትኛው ፎልደር ውስጥ ሆኖ እንደተነሣ እዩ።
13፦ ፈቃድ የለም። ፎልደሩን ለመዘርዘር የማንበብ ፈቃድ ያስፈልጋል።
20፦ የሰጣችሁት ፋይል ነው፣ ዳይሬክተሪ አይደለም።
24፦ ብዙ ነገር ከፍታችሁ አልዘጋችሁም። ደረጃ 8ን እዩ።
36፦ ስሙ ረዘመ። ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ 255 ባይት እንጂ 255 ፊደል አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛ ስም 85 ፊደል ላይ ይሞላል።

ደረጃ 6፦ ማንበብ

ሪድዲር ሲጨርስም ባዶ ፖይንተር ይመልሳል፣ ሲሳሳትም ባዶ ፖይንተር ይመልሳል። ልዩነቱ ያለው ኤርኖ ላይ ብቻ ነው። ሲጨርስ ደግሞ ኤርኖን አይነካውም፤ የቀድሞው ቁጥር እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት፣ በእያንዳንዱ ዙር፦

1. ሴት_ኤርኖን በ0 ጥሩ። ከሉፑ ውጪ አንዴ ብቻ ማድረግ አይበቃም።

2. ሪድዲርን ጥሩ።

3. ፖይንተሩ ባዶ ከሆነ ጌት_ኤርኖን ጠይቁ። 0 ከሆነ አልቋል፤ ከሉፑ ውጡ። ሌላ ቁጥር ከሆነ ኦኤስኤረር አንሱ። ይህን ማጣሪያ የተወ ኮድ ዝርዝሩ በግማሽ ሲቋረጥ «ጨረስኩ» ይላል።

4. ባዶ ካልሆነ በፖይንተሩ ኮንተንትስ በኩል ስሙን፣ ዓይነቱንና ቁጥሩን ወዲያው ወደ ፓይተን ቫሪያብል ቅዱ። ፖይንተሩን ራሱን ለኋላ አታስቀምጡ። ያ ሜሞሪ የእናንተ አይደለም፤ ቀጣዩ ሪድዲር ሊጽፍበት ይችላል፣ ክሎዝዲር ደግሞ ይመልሰዋል። ላይብረሪው ብዙ ግቤቶችን በአንዴ ስለሚያመጣ ትንሽ ፎልደር ላይ ይህ ስህተት አይታይም። ሺዎች ፋይል ያሉበት ላይ ነው ስሞቹ የሚደባለቁት።

5. ነጥብ እና ሁለት ነጥብ የሆኑትን ሁለት ግቤቶች ዝለሉ። የመጀመሪያው ፎልደሩ ራሱ፣ ሁለተኛው ከሱ በላይ ያለው ነው። ስታነጻጽሩ ከባይት ጋር አነጻጽሩ፤ ማለትም ከጥቅሱ በፊት «ቢ» ፊደል ያለበት። ከስትሪንግ ጋር ብታነጻጽሩ መልሱ ሁልጊዜ «እኩል አይደለም» ነው፣ ኤረርም አይወጣም። ንዑስ ፎልደሮችን ተከትሎ የሚገባ ኮድ ከሆነ ደግሞ ራሱ ውስጥ እየገባ ይሽከረከራል።

6. ስሙን ወደ ስትሪንግ የምትቀይሩት በኤፍኤስዲኮድ ይሁን። ተራውን ዲኮድ በዩቲኤፍ 8 ብትጠቀሙ አንድ የተበላሸ ስም መላ ሥራውን ያቆመዋል። ሊኑክስ ስሙ ትክክለኛ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አይፈትሽም፤ ስላሽና ዜሮ ባይት ካልሆነ ማንኛውንም ይቀበላል።

ቅደም ተከተል አትጠብቁ። ስሞቹ በፊደል ተራም በቀንም አይመጡም። ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ደርድሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ እያነበባችሁ አትሰርዙ፣ አትፍጠሩም። ንባቡ ከጀመረ በኋላ የተጨመረ ወይም የተሰረዘ ፋይል በዝርዝሩ ይምጣ አይምጣ ፖዚክስ የተባለው የነዚህ ፈንክሽኖች መስፈርት አልወሰነም። መጀመሪያ ስሞቹን ሁሉ ሰብስቡ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ሥሩ።

አሁን ፈትሹ። የመጀመሪያውን መስክ ኦኤስ ውስጥ ያለው ኤልስታት ከሚሰጠው የአይኖድ ቁጥር ጋር አስተያዩ። አምስቱም የመሞከሪያ ግቤቶች ላይ ከገጠመ ስትራክቸራችሁ ልክ ነው። አንዱም ካልገጠመ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ። ሌላ ዲስክ የተገጠመበት ፎልደር ላይ ብቻ ቁጥሩ ቢለያይ ግን ስህተት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ዓይነቱን መለየት

4 ዳይሬክተሪ፣ 8 ተራ ፋይል፣ 10 ሲምቦሊክ ሊንክ ነው። 0 ማለት «አላውቅም» ማለት ነው። አንዳንድ ፋይል ሲስተም ዓይነቱን እዚህ ላይ አያስቀምጥም፤ ለሁሉም 0 ይመልሳል። እዚያ ላይ «4 ከሆነ ግባ» ብቻ ያለ ኮድ አንድም ንዑስ ፎልደር አያገኝም። 0 ሲመጣ ኤልስታትን ጠይቁ። ስታት አትበሉ፤ ስታት ሊንኩን ተከትሎ ይሄዳል። 10 የሆነውን ደግሞ ተከትላችሁ አትግቡ፤ ሊንኩ ወደ ላይኛው ፎልደር ከጠቆመ ማለቂያ የለውም።

ደረጃ 8፦ መዝጋት

ኦፕንዲር ከተሳካ በኋላ ያለውን ሁሉ በትራይ ውስጥ፣ ክሎዝዲርን በፋይናሊ ውስጥ አድርጉ። ፓይተን ይህን በራሱ አይዘጋላችሁም፤ ለሱ አድራሻው ተራ ቁጥር ነው።

የማይዘጋ ኮድ ቶሎ አይያዝም። አንድ ፕሮሰስ በአንዴ መክፈት የሚችለው ብዙ ሊኑክስ ላይ 1024 ነው። ኮዱ ያን ያህል ፎልደር እስኪከፍት በሰላም ይሄዳል፣ ከዚያ 24 ቁጥር ይመጣል። ኤረሩ የሚታየው ደግሞ ከጥፋቱ ሩቅ የሆነ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ሌላ ፋይል ስትከፍቱ።

ሁለት ጊዜ መዝጋት ከአለመዝጋት ይብሳል። የተመለሰ ሜሞሪን እንደገና መመለስ ስለሆነ ፕሮግራሙን ሊገድለው ይችላል። ከዘጋችሁ በኋላ ቫሪያብሉን «ነን» አድርጉት፤ ከመዝጋታችሁ በፊትም «ነን» አለመሆኑን እዩ። «ነን» ለሪድዲር ከሰጣችሁት ወዲያው ይሞታል።

አስቀድሞ ከተከፈተ የፋይል ቁጥር የሚነሣውን ኤፍዲኦፕንዲርን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የሰጣችሁት የፋይል ቁጥር ከዚያ በኋላ የእናንተ አይደለም። ክሎዝዲር አብሮ ይዘጋዋል። በኦኤስ ክሎዝ ለብቻው አትዝጉት።

ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ካለ አንድን የተከፈተ ዳይሬክተሪ ለሁለት ትሬድ አታጋሩ። እያንዳንዱ የራሱን ይክፈት። ለዚህ ተብሎ የነበረውን ሪድዲር_አር አትጠቀሙ፤ የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ ከ2.24 ጀምሮ እንዲቀር አድርጎታል።

ደረጃ 9፦ ቦታ ይዞ መመለስ

ቴልዲር የደረሳችሁበትን ቦታ ይሰጣል፣ ሲክዲር ይመልሳችኋል። የቴልዲር ረስታይፕ እና የሲክዲር ሁለተኛ አርግታይፕ ሲ_ሎንግ ይሁን። ኢኤክስቲ4 በተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ይህ ቁጥር በጣም ትልቅ ነው፤ በ32 ቢት ከተቆረጠ ሌላ ቦታ ያደርሳችኋል። ቁጥሩን አትደምሩ፣ አትቀንሱ፤ «ሦስተኛው ፋይል» ማለት አይደለም። ከዘጋችሁ በኋላም አይጠቅምም። ፋይል ላይ ጽፋችሁ ነገ ልትጠቀሙበት አታስቀምጡት።

ማክ ላይ

ስትራክቸሩ ይለያል። ከግቤቱ ርዝመት ቀጥሎ የስሙን ርዝመት የሚይዝ ሌላ 2 ባይት አለ። ስለዚህ ዓይነቱ 20 ላይ፣ ስሙ 21 ላይ ይጀምራል፤ ለስሙም 1024 ባይት ተመድቧል። የሊኑክሱን ስትራክቸር እዚያ ብታስኬዱ ስሞቹ ሁሉ ባዶ ይሆናሉ፤ 19ኛው ባይት የስሙ ርዝመት ላይኛ ግማሽ ሆኖ ዜሮ ስለሚሆን ነው።

የኢንቴል ማክ ላይ ሌላም አለ። «ሪድዲር» በሚለው ስም የምታገኙት አሮጌውን፣ የአይኖድ ቁጥሩ 4 ባይት የሆነውን ነው። አዲሱ ከስሙ ቀጥሎ የዶላር ምልክት፣ «አይኖድ» የሚለው ቃል በትልልቅ የላቲን ፊደል እና 64 አለው። ስሙ ውስጥ የዶላር ምልክት ስላለ በነጥብ መጥራት አይቻልም፤ በጌትአትር ጥሩት። በአፕል የራሱ ቺፕ ላይ ግን ተራው ስም ትክክለኛውን ይሰጣል።

ዊንዶውስ ላይ

ኦፕንዲር የሚባል በሲስተሙ ውስጥ የለም። ከከርነል32 ፋይንድፈርስትፋይልደብሊው፣ ፋይንድኔክስትፋይልደብሊው እና ፋይንድክሎዝን ትጠራላችሁ። ሲዲኤልኤልን ትታችሁ ዊንዲኤልኤልን ከዩዝ_ላስት_ኤረር ጋር ተጠቀሙ። ስትራክቸሩ ዊንታይፕስ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፣ በእጅ አትሥሩት።

ለመንገዱ መጨረሻ ላይ ባክስላሽና ኮከብ ጨምሩ። ያለ ኮከቡ የፎልደሩን ይዘት ሳይሆን ፎልደሩን ራሱን ነው የሚሰጣችሁ።

አለመሳካቱን ከነጌቲቭ 1 ጋር እያነጻጸራችሁ አትፈትሹ። ረስታይፑ ሃንድል ሲሆን መልሱ ምልክት የሌለው ትልቅ ቁጥር ሆኖ ይመጣል፤ ከነጌቲቭ 1 ጋር በጭራሽ እኩል አይሆንም። ሲ_ቮይድ_ፒን በነጌቲቭ 1 ፈጥራችሁ ቫልዩውን ውሰዱ፣ ከሱ ጋር አነጻጽሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ የሚመጣው የኤረር ቁጥር 18 ነው። የምትዘጉት በፋይንድክሎዝ እንጂ በክሎዝሃንድል አይደለም።

ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ

ኦፕንዲር አልፎ ሪድዲር ላይ ከሞተ፦ የኦፕንዲር ረስታይፕ ወይም የሪድዲር አርግታይፕስ አልደረሰም። ሁለቱንም ፕሪንት አድርጋችሁ በዓይናችሁ እዩ። ደረጃ 3።

አንድ ማሽን ላይ ሠርቶ ሌላ ላይ ከሞተ፦ እዚያው ደረጃ 3። አሰርቱ ላይ ከቆመ ግን ደረጃ 4።

የሩቱ ዝርዝር ከወጣ፦ ስትሪንግ ባይት ሳይሆን ሄዷል። ደረጃ 5።

ስሙ በተርሚናል ይታያል ግን ፋይሉ አይከፈትም፦ ስሙን በሬፕር አውጥታችሁ የመጀመሪያውን ባይት እዩ። እንግዳ ባይት ካለ ደረጃ 4። ከሌለ መንገዱን ከፎልደሩ ስም ጋር አላጣመራችሁትም፤ ሪድዲር የሚሰጠው ስም ብቻ ነው።

«አንዲፋይንድ ሲምቦል» ካለ፦ የፈንክሽኑ ስም ተሳስቷል። ሪድዲር ላይ ያሉትን ሁለቱን «ድ» ቁጠሩ።

ፓይተኑ ሲዘጋ ብቻ ከሞተ፦ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ ዘግታችኋል፣ ወይም ሪድዲር የሰጣችሁን ሜሞሪ በፍሪ መልሳችኋል። ያን ሜሞሪ በፍሪ አትመልሱ፤ የክሎዝዲር ሥራ ነው።